ምትክ አይደለም፣ ኦኬሎ ነው

በኛ ጊዜ የልጅ ስም ሰው አያጣላም ነበር። አያት ያወጣል፣ ቄሱ የክርስትናውን ይጨምርበታል፣ አለቀ። በስም ነገር ከዘመድ የተቆራረጥኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ብዙ ማውራት አልወድም፣ ታውቁኛላችሁ፣ ግን ካነሳችሁት ልንገራችሁ።

ያኔ ጋምቤላ ገና ክልል የተባለ ሰሞን ነው። እኛ አቦቦ አጠገብ ነበርን፣ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩን። መንደራችን እንኳ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። መንግሥቱ ሲለወጥ ታዲያ ግማሹ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሄደ፣ ግማሹ ቀረ፣ የቀረነውም ልባችን ተሰቅሎ ነበር። እና በዚያ መሃል የሺ፣ ባለቤቴ፣ ወንድ ልጅ ወለደች።

ከሱ በፊት መንታ ነበሩን። ሁለቱም ወንዶች። ወባ በአንድ ክረምት ወሰዳቸው፣ አንዱን ቀብረን ስንመለስ ሌላውን አተኩሶት አገኘነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስማቸው አይነሳም። ሰው ሁሉ የሺን እርሺው፣ እርሺው ይላታል፣ እሷም የረሳች ትመስላለች፣ እኔም ዝም። ለኔ ዝም ማለት ምንም አይደል፣ እሷን ነው የጎዳት።

ታዲያ ያዋለደቻት ማማ አሪየት ናት፣ አኙዋክ ናት፣ ጎረቤታችን። እሷ ዓሣ ታመጣልናለች፣ እኛ በቆሎ እንሰጣታለን። የሷ አማርኛ እንደኔ አኙዋክኛ ነው፣ የጎደለው በእጅ ይሞላል። ልጁን አጥባ አቀፈችውና ማንንም ሳትጠይቅ «ኦኬሎ» አለችው። ምን ማለት ነው ብላት፣ «መንታ ፊት፣ እሱ ኋላ። ኦኬሎ» አለች። ኧረ እኛ ገና ስም አላወጣንለትም አልኳት። ሳቀችብኝ።

«አንተ ምን ታወጣለህ? እሱ ይዞ መጣ።»

ከዚያ ለየሺ ሁለት ጣቷን አሳየቻት። «ሁለት አለ። ይሄ ሦስት» አለቻት። ከቀበርናቸው ወዲህ እነዚያን ልጆች አሉ ብሎ የቆጠራቸው ሰው የለም፣ ሰማችሁ? የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እና አለቀሰች፣ ስንት ጊዜ ሳታለቅስ ቆይታ። ታዲያ እኔ ስሙ ኦኬሎ እንዲሆን እዚያው ቆረጥኩ።

ይመር መጣ። ይመር የየሺ ታላቅ ወንድም ነው፣ አባታቸው ስለሞተ እንደ አባት ነው የሚያዛት። ወሎ ሊመለስ ጓዙን አስሯል፣ የሚጠብቀው እኛን ነው። እሱ ምትኩ በሉት አለ፣ የሞቱት ምትክ። በአገራችን ያለ ነው፣ ክፉ ስም አይደለም፣ ስንት ምትኩ፣ ስንት ካሣ፣ ስንት ማስረሻ አለ። ስሙ ኦኬሎ ነው አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ኋላ ፊቴን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። አኙዋኮቹ ውጡልን እያሉን አንተ ስማቸውን ለልጅህ ታወጣለህ አለ፣ አገር ስንገባ ዘመድ ማን ትባላለህ ሲለው ምን ሊል ነው አለ፣ ብዙ አለ፣ ብዙ። መጨረሻ ላይ፣ «በዚህ ስም የአባቴን ደጅ አይረግጥም» አለ።

«እንግዲያስ አይርገጥ» አልኩት።

መንደሩም አልተኛልኝ። እነሱን መስሎ መሬት ሊያስከብር ነው አሉ፣ መተት አዙረውበታል አሉ። እና ከዚያኛው ወገን ደግሞ አንድ አኙዋክ ጎረምሳ፣ አዲስ ሹመት ያገኘ፣ ገበያ መሃል አስቆመኝ። ቦታችን ላይ ሰፈራችሁ፣ አሁን ስማችንንም ልትወስዱ ነው ወይ አለኝ። አልወሰድኩም፣ ተሰጠኝ አልኩት። ማን ሰጠህ ቢለኝ፣ የሞቱት መንታዎቼ አልኩት። የት ሞቱ? እዚሁ። የት ተቀበሩ? እዚሁ። እግሩ ሥር ያለውን መሬት አየ፣ መንገድ ለቀቀልኝ።

ታዲያ በአርባው ቀን አስጠመቅነው። ቄሱ የክርስትናውን ሰጡት፣ እሱ የሳቸው ነው። ቤት ገብተን ሰዉ እንደተቀመጠ ይመር ተነሣ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ «ምትኩ ይደግ በሉ» አለ። ይደግ፣ ይደግ አለ ሰዉ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ቆምኩ። ኦኬሎ ነው አልኩ፣ ተቀመጥኩ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ጮኸ፣ አንድ ሽማግሌ በሉ እናቱ ትጠየቅ አሉ፣ ከወንድሟ ቃል አትወጣም ብለው እኮ ነው። የሺ ልጁን ታቅፋ አቀርቅራለች፣ እኔም ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ቀና አለች።

«ጋሼ ይመር፣ እነሱ ምትክ የላቸውም። እነሱም የራሳቸው ናቸው፣ ይሄም የራሱ ነው። ኦኬሎ ነው ልጄ።»

ይመር ሳይበላ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላው አገሩ ገባ፣ እኛ ቀረን። እስከ ዛሬ ሰው ሲልክ ልጁ ደህና ነው ወይ ይላል እንጂ ስሙን አይጠራም። እኔም እመልስለታለሁ፣ ኦኬሎ ደህና ነው በሉት እላለሁ።

አሁን የምኖረው ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ኦኬሎ ቤት ነው። አብረን ባጃጅ ስንሳፈር ሾፌሩ አኙዋክ ከሆነ ስሙን ሲሰማ ምን ይላል መሰላችሁ? ኦኬሎ፣ መንታዎቹ ታላላቆችህ ደህና ናቸው ወይ ይለዋል። የማያውቀን ሰው! ገበያ ብንሄድ ይጠየቃሉ፣ ልቅሶ ብንሄድ ይጠየቃሉ። ምትኩ ብለነው አገር ገብተን ቢሆን ኖሮ ማን ይጠይቃቸው ነበር? አልተጸጸትኩም፣ ዛሬም ቢወለድ ኦኬሎ ነው የምለው።

«አባባ፣ መንታዎቹስ ስማቸው ማን ነበር?»

ሃ! ይኸው፣ ስትሰማኝ የቆየኸው አንተም ጠየቅህ። ደምሴና ደምሌ ናቸው፣ የኔ ልጅ። ደምሴና ደምሌ።