የምራቴ አፍንጫ

ስሙኝማ ልጆቼ፣ አፍንጫዬ ማሽተት ከተወ ቆይቷል፤ አፍሬ ግን ለማንም አልተናገርሁም። ታዲያ ከማንኩሳ በታች ካለው ወንዝ ዳር እንስላል ነው ብዬ ቅጠል ነቅዬ መጣሁና፣ ሽንት ለሚያቃጥላት ምራቴ ላፈላላት ድስት ጣድሁ። እሷ እኔው እንዳስተማርኋት አንዱን ቅጠል በጣቷ አሸት አድርጋ ብታሸተው ደነገጠች።

«እማማ፣ እንስላል እኮ ሽታው ያውዳል፤ ይሄ አይጥ አይጥ ይላል! አሽትተውታል?»

«አዎ» ልል አፌን ከፈትሁና ግንዱን አየሁት፤ ደም የተረጨበት ይመስላል፤ ለካ እንስላል የሚመስለው መርዝ ኖሯል።

«አላሸተትሁም የኔ ልጅ። አፍንጫዬ ከሞተ ከረመ።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ!» ብላ ድስቱን ይዛ ወጥታ ደፋችው።

ቅጠል አዋቂ ተብዬ ኖሬ፣ በኩራቴ የልጄን ሚስት ልገድላት ነበር። አሁን ወንዝ የምንወርደው አብረን ነው፤ እኔ አያለሁ፣ እሷ ታሸታለች።