ፈረንጁ የተፋው ወይን

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጂንካ፣ እትዬ በላይነሽ ጠጅ ቤት። እየመራሁ ወደ ሃና መንደር የማደርሰው ፈረንጅ ጠርሙስ አውጥቶ «ሻርዶኔ ከሚባል ነጭ የወይን ፍሬ ነው፤ አባቴ የጠመቀው» አለና ቀዳልን። መጠጡ ይፍለቀለቃል። እኛ ዘንድ የቀዳ ሰው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት አስቀድሞ ይቀምሳል፤ እሱም ደጋግሞ አሸተተው፣ ተጉመጠመጠውና ደጅ ወጥቶ እንትፍ!

እትዬ በላይነሽ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ባለቤቱ የተፋውን እኔ ልዋጥ?»

«በአገራቸው ቀማሽ አይውጥም አሉ» ብዬ ተረጎምኩ። «ጣዕሙ ፖም፣ ሎሚና የተጠበሰ ዳቦ ይላል ነው የሚለው።»

«ዳቦ ዳቦ የሚል መጠጥ? ደሞ ገና እየፈላ ነው፤ ሆዳችን ውስጥ ሊጨርስ ነው? ሲረጋ እናየዋለን።» ጠርሙሱን ሳይከድኑ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

እኔ ግን ይሉኝታ ይዞኝ አንድ ጉንጭ ውጬ ነበር። እውነትም ሎሚ ሎሚ አለኝ፤ ኋላ ደግሞ የዳቦ ቅርፊት። ጣፈጠኝ። መጣፈጡ ነው ያስፈራኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልንሰናበት ገባን። ፈረንጁ ክዳን የሌለውን ጠርሙስ፣ አረፋው የጠፋውን ወይኑን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። እትዬ በላይነሽ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«አየኸው? በሕይወት ስላገኘኝ እኮ ነው!»

ሳላስበው ሆዴን ያዝኩ።