አራት ወንበር

(አየርላንድ ገጠር፣ ባሕር ዳር፤ ባልና ሚስቱ እጥፍወርቅና ገዛኸኝ ወደ ከተማው እስኪገቡ ለሁለት ሳምንት የተከራዩት የድንጋይ ጎጆ ቤት፤ እሑድ፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ።)

እጥፍወርቅ፦ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መልሳቸው አልኩህ።

ገዛኸኝ፦ እንግዳ አለብን እኮ ብያለሁ።

እጥፍወርቅ፦ በዚህ ሰዓት የሚመጣ እንግዳ ምን ዓይነት ነው? ዶሮዎቹ እንኳ ገና ከቆጣቸው አልወረዱም።

ገዛኸኝ፦ አከራያችን ነው፣ ሚስተር ፓት። ከባለቤቱ ጋር። ፖስታ የምታድለዋም ሴትዮ ትመጣለች። ያው ቁርስ ቢጤ።

እጥፍወርቅ፦ ቁርስ ነው እንዴ? ሽማግሌው ትናንት አጥሩ ጋ አስቁሞኝ፣ ባልሽ ለማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠርቶናል፣ እውነቱን ነው ወይ አለኝ። ሦስቴ ነው የጠየቀኝ። ወተት ይዘን እንምጣ ወይ ሲልህ፣ አይ፣ ባዶ እጃችሁን ኑና ዝም ብላችሁ ተቀመጡልኝ ብለኸዋል። ዕድሜውንም ጠይቀኸዋል አሉ።

ገዛኸኝ፦ ጨዋታ ለማምጣት ያህል ነው።

እጥፍወርቅ፦ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ እበቃለሁ ወይ አለኝ። ለምን እንደሚፈለግ እኔም አላወቅሁም። ብቻ ትበቃለህ ብዬ ሸኘሁት።

ገዛኸኝ፦ ደግ ሰው ነው።

እጥፍወርቅ፦ ደግነቱስ ደግ ነው። አንተ ግን ለቁርስ ኮት ለብሰሃል።

ገዛኸኝ፦ በረደኝ።

እጥፍወርቅ፦ ጥቁሩን። ሻንጣው ሥር የነበረውን። እሱን ለማውጣት ሻንጣውን ሙሉ ዘርግፈህ መልሰህ ከተሃል፣ እኔ ተኝቼ። ነጠላዬንም አጣጥፈህ አልጋው ጫፍ ላይ አኑረህልኛል። አይቼዋለሁ።

ገዛኸኝ፦ እንግዲያ ልበሺውና ተቀመጪ፣ እጥፌ።

እጥፍወርቅ፦ የቱ ላይ ልቀመጥ? እዚህ ቤት ያለው ወንበር አራት ነው። ሦስቱን ደርድረህ አንዱን ፊት ለፊታቸው አዙረኸዋል። ይኼ ብቻውን የቀረው የማን ነው?

ገዛኸኝ፦ ያንቺ።

እጥፍወርቅ፦ አንተስ?

ገዛኸኝ፦ እኔ እቆማለሁ።

እጥፍወርቅ፦ ስልኬን ስጠኝ።

ገዛኸኝ፦ ሲሙ አልሠራም ብዬሽ የለ። ከተማ ስንገባ አሳየዋለሁ።

እጥፍወርቅ፦ ሐሙስ ማታ ነው ከእጄ የወሰድከው። ያንተ ግን ይሠራል። ከረቡዕ ጀምሮ ስንቴ ኮረብታው ላይ ወጣህ? እዚያ የምትጠብቀው ፍየል የለህ።

ገዛኸኝ፦ ኔትወርክ ፍለጋ ነው።

እጥፍወርቅ፦ ማንን አገኘህበት?

ገዛኸኝ፦ ይልማን።

እጥፍወርቅ፦ ወንድሜ አንተን እያገኘ እኔን አንድ ቀን ሰላም ሳይለኝ ሰነበተ?

ገዛኸኝ፦ መጡ መሰለኝ። በሩ ተነካ።

እጥፍወርቅ፦ ነፋስ ነው። ገዛኸኝ፣ እኔን ቂል ታደርገኛለህ? ጥቁር ኮት፣ ነጠላ፣ በማለዳ የተሰበሰበ ሽማግሌ። መርዶ ልታረዳኝ ነው። ያውም በፖስታ አዳይ።

ገዛኸኝ፦ ታዲያ ብቻዬን እንዴት ልንገርሽ? ሰው በሌለበት? ፊትሽን ብትነጪ እጅሽን የሚይዝ፣ ብትወድቂ የሚያነሳሽ በሌለበት? ሐበሻ ያለበት ከተማ ከዚህ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ብፈልግ ብፈልግ ከሚስተር ፓት በቀር ሽማግሌ አጣሁ። ነገ ደግሞ ከተማ መግባታችን ነው፤ ከመንገደኛ አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

እጥፍወርቅ፦ ማን ነው?

ገዛኸኝ፦ ይምጡና።

እጥፍወርቅ፦ ቢመጡስ አማርኛ አይሰሙ። ማን ነው?

ገዛኸኝ፦ መጀመሪያ ተቀመጪ።

እጥፍወርቅ፦ አክስቴ ናት? ስኳሩ ተነሳባት? አባዬ እንዳልሆነ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐሙስ ባሕሩ ዳር ያነሳኸኝን ፎቶ ልኬለት አይቶታል።

ገዛኸኝ፦ ምነው ለእሱ ባልላክሽው ኖሮ።

እጥፍወርቅ፦ ለማን ልላከው ኖሯል? ኮረብታው ጋ ስንደርስ ሄደ፤ ወዲያው ምልክቱ ሰማያዊ ሆነ። በድምፅ ሳይመልስልኝ ቀረ እንጂ። መቼም ሳይመልስ አያድርም። መጀመሪያ ይስላል፣ ከዚያ «አባትሽ ነኝ» ይላል፣ ልክ እንደማላውቀው። ኔትወርክ ይሆናል አልኩ። አንተም ኔትወርክ ነው አልከኝ።

ገዛኸኝ፦ ፎቶውን ያየው ይልማ ነው።

እጥፍወርቅ፦ ይልማ የአባዬን ስልክ ምን ያደርገዋል?

ገዛኸኝ፦ እጥፌ።

እጥፍወርቅ፦ ምን ያደርገዋል ነው የምልህ።

ገዛኸኝ፦ ረቡዕ ንጋት ላይ ነው። ከእንቅልፉ ሳይነሳ ቀረ። አልታመመም፣ አልተሠቃየም። ማታ እራቱን በልቶ፣ ዜና ሰምቶ ነው የተኛው።

እጥፍወርቅ፦ የተቀበረው?

ገዛኸኝ፦ ሐሙስ።

እጥፍወርቅ፦ ስንት ሰዓት ላይ?

ገዛኸኝ፦ አሁን እሱ ምን ያደርግልሻል?

እጥፍወርቅ፦ ስንት ሰዓት?

ገዛኸኝ፦ በደሴ ዘጠኝ ሰዓት። እዚህ ሰባት ይሆናል።

እጥፍወርቅ፦ ሰባት ሰዓት ላይ ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ቆሜያለሁ። ነፋሱ ፀጉሬን አበለሻሽቶታል፣ ይቅርብኝ ስልህ፣ ግድ የለም ሳቂ አልከኝ። ሁለቴ ነው ያልከኝ።

ገዛኸኝ፦ አንድ ቀን እንድትስቂልኝ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደምትስቂ አላውቅማ።

እጥፍወርቅ፦ ያ ፎቶ ድንኳን ገብቷል። ሰው ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ፣ እኔ በአባዬ ስልክ ጥርሴን አሳየሁ።

ገዛኸኝ፦ ይልማ ለማንም አላሳየሁም ብሎኛል።

እጥፍወርቅ፦ አንተም ሲሙ ተበላሽቷል ብለኸኛል።

ገዛኸኝ፦ ብነግርሽ ትመለሺ ነበር። ከተመለስሽ ደግሞ የቀጠረሽ ሆስፒታል የሥራ ቦታሽን ለሌላ ይሰጠዋል። የሦስት ዓመት ልፋትሽ ነው። ዓርብ ሄደሽ ውሉን ፈረምሽ፤ እኔም በማግስቱ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ።

እጥፍወርቅ፦ ፊርማዬን ነበራ የምትጠብቀው።

ገዛኸኝ፦ ለሁለታችን ብዬ ነው። ደግሞም ለቀብሩ አትደርሺም ነበር።

እጥፍወርቅ፦ አልደርስም። ሳቂ ስትለኝ ግን አልስቅልህም ነበር።

ገዛኸኝ፦ አሁን በሩ ተንኳኳ።

እጥፍወርቅ፦ ሰማሁ።

ገዛኸኝ፦ ሂዱ ልበላቸው?

እጥፍወርቅ፦ ከሞቀ አልጋቸው ተነስተው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ይግቡ። በመስኮቱ ይታዩኛል። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። ማንም ሳይነግረው ገብቶታል።

ገዛኸኝ፦ ምን ብዬ ላስረዳቸው?

እጥፍወርቅ፦ ምንም አትበል። ከረቡዕ ጀምሮ ለምደኸዋል። ክፈትና አስቀምጣቸው፣ ሦስቱንም ከፊቴ።

ገዛኸኝ፦ እኔስ?

እጥፍወርቅ፦ እቆማለሁ ብለህ የለ። በሩን ከውጭ ዝጋውና እዚያው ቁም።