ድንኳን መትከያ ያጣ ለቅሶ

ጎረቤቴ ጋሽ ዘውዴ ያረፉ ዕለት እድርተኛው ድንኳኑን ተሸክሞ መጣና የሚተከልበት መሬት ጠፋ። ከበላያችን፣ በእንጦጦ በኩል፣ ባሕር ዛፉን መንጥረው አፓርታማ ከሠሩ ወዲህ የዝናቡ ውሃ ሁሉ በቱቦ እየተሰበሰበ ወደ እኛ ነው የሚለቀቀው። የጋሽ ዘውዴን ግቢ በልቶ በልቶ ገደል አድርጎታል። እኔ የእድሩ ዳኛ ነኝና ወደ አፓርታማው ወጣሁ። የመኪና ማቆሚያቸው ሰፊ ነው፤ እስከ ሣልስት ድረስ ፍቀዱልን ብዬ ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት። ሰው አክባሪ ልጅ ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው ያናገረኝ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ካስማው አዲሱን አስፋልት ይበሳብናል» አለኝ።

አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ለሟች ስል ዋጥኩት። ወርጄ ከእድርተኛው ጋር ድንኳኑን መንገዱ ላይ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ዘረጋነው፤ ገመዱን ከአጥርና ከመብራት ምሰሶ ጋር አሰርነው።

በማግስቱ ያው ልጅ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ከጋሽ ዘውዴ ባለቤት፣ ከእትዬ አሰለፈች አጠገብ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ወረደና የደፈረሰ ጎርፍ ከላይ እየተንደረደረ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። እኛስ ለምደነዋል፣ እግራችንን አግዳሚው ላይ ሰቀልን። እሱ ግን ጫማው ውሃ ሲሞላ ደንግጦ ብድግ አለ።

እትዬ አሰለፈች እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ክንዱን ያዙት።

«ቁጭ በል ልጄ፣ አትደንግጥ። ከእናንተው ቤት የመጣ ነው።»