ዳገት ላይ የምታስነጥሰው መኪና

«ጋራዥህ እንዴት ደስ ይላል፣ ወንድሜ። ወለሉ ከእኔ ሳሎን ይጸዳል እኮ። ይሄን አበባ ደግሞ አሮጌ ጎማ ውስጥ ማን ተከለው? ባለቤትህ ናት? ታድለሃል … አንዳንድ ቤት የተተከለውም ይደርቃል።»

አማቱ ይህን ያሉት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደላድለው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው። መካኒኩ የአሮጌዋን መኪና ኮፈን ከፍቶ ግማሽ አካሉ ውስጥ ገብቷል። አማችየው፣ መነጽር ቤት የሚሠራው የልጃቸው ባል፣ በአንድ እጁ ባትሪ ይዞ ያበራለታል፤ በሌላው እጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን የመኪናዋን ቁልፍ ያገላብጣል።

ቁልፉ እሱ ኪስ የገባው እሑድ ምሳ ላይ ነው። መኪናዋ የአማቱ ናት። መጋረጃ ሰፊ ናቸውና የሰፉትን መጋረጃ ከነዘንጉ ጭነው በየደንበኛው ቤት የሚያደርሱት በእሷ ነው። ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋ ቱርቦ ስላላት ዕድሜዋ ቢገፋም ዳገት አትፈራም ነበር። በቅርቡ ግን ዳገት ላይ ስትደርስ መንገጭገጭ፣ ጥቁር ጭስ መትፋትና እንደሚያስነጥስ ሰው ቱፍ ቱፍ ማለት ጀመረች። አማችየው መኪና ነፍሱ ነው። እሳት የሚያስነሣውን ካንዴላ ቀየረ፣ ቦቢና ቀየረ፣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ነዳጅ ጨመረላት፤ ባሰባት። ሁሉንም ሞክሮ ሲያቅተው፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ገበታ ላይ፣ «ችግሩ ሞተሩ አይደለም፣ መሪውን የሚይዘው ነው» ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ። ሳቁ አደፋፈረውና እማማ ደክመዋል፣ እግራቸውና ፍሪሲዮኑ አልተግባቡም፣ ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምነዳላቸው ብሎ ቁልፉን ከመስቀያው አነሳ። አማቱ አልተቆጡም። ተነሥተው ሳህን ሰበሰቡ። በማግስቱ፣ «እስቲ ሌላ ሰው ደግሞ ይያት» ብቻ አሉ። እሱም በራሱ ስለሚተማመን ራሱ ነድቶ አመጣቸው።

«እኛ ቤት አንድ ባለሙያ አሉ፣ ወንድሜ» አሉ አሁን፣ ፊታቸውን ወደ መካኒኩ ጀርባ አዙረው። «ስማቸውን አልጠራም፤ ሲመሰገኑ ያፍራሉ። እሳቸው ባይኖሩ ይቺ መኪና ይሄኔ … ምን ልበልህ? የት ትደርስ ነበር?»

የመካኒኩ ትከሻ ነቅነቅ አለ። አማችየው ሳል መስሎት ነበር።

መካኒኩ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ጫፉ በጥላሸት ጠቁሯል።

«ጠቆረ እንዴ? አዲስ እኮ ነው! ባለሙያው በገዛ እጃቸው የገጠሙት። አይ እጅ … የነካችው ሁሉ ቶሎ ልምድ ያካብታል። የድሮው ካንዴላ እኔ ጋ ስንት ዘመን ሲኖር ምንም አልተማረም ነበር።»

አማችየው ባትሪውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊያዞር ፈለገ። መካኒኩ ግን እጁን ይዞ ወደ ቦታው መለሰው፤ የነዳጁን ግፊት የሚወስነውን ብሎን እያየ ነበር። ብሎኑ ላይ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት አለ። ወደ ውስጥ ብዙ ዞሯል።

«እሱንም አዩት? ጠምቷታል ብለው አጠጧት። ሰው ትን ሲለው ውሃ ይጨመርለታል እንዴ? ተወው፣ እኔ ምን አውቄ … እኔ የማውቀው የመጋረጃ ዘርፍና ቀለበት ነው። ሐሳባቸው ግን ርኅራኄ ነው። ጭሱ ራሱ እንዴት ያለ ነበር መሰለህ! ከኋላዬ የሚመጣ መኪና ሁሉ መብራት ያበራልኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው አስተውሎኝ አያውቅም።»

መካኒኩ ሳል አለመሆኑ ግልጽ የሆነ ድምፅ አሰማ። አማችየው ጆሮው ጋለ። አንድ ነገር ሊል ምላሱ ላይ መጣለት፤ ግን ምን ብሎ ይጀምራል? ባለሙያው እኔ ነኝ ይበል? አማቱ እንደሆኑ አንድም ጊዜ ወደ እሱ አላዩም።

«አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ለሥራህ ከጠቀመህ። ዳገቱን ስይዝ፣ ቱርቦው መንፋት ሲጀምር፣ ፊሽሽ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። ለባለሙያው ነገርኳቸው። ‹ጆሮ ነው፣ በዕድሜ ይመጣል› አሉኝ። እውነታቸውን ነው … በወጣትነቴማ መቼ እንዲህ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር? እሳቸውም እኮ ውለው የሚገቡት ሰው አጥርቶ እንዲያይ ሲረዱ ነው። ለሁሉም አዳርሰው አዳርሰው ለራሳቸው ሳይተርፍ ቢቀርስ ይፈረዳል?»

ይህን ሲሰማ መካኒኩ ቀና አለ። የቱርቦውን መግቢያ በክዳን ደፍኖ አየር ነፋበት፤ ከዚያ የሳሙና ውሃ በቱቦዎቹ ላይ አፈሰሰ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ አረፋ ኩፍ ኩፍ እያለ ወጣ። መካኒኩ የብረት ማሰሪያውን በጣቱ ነካ አደረገው። ማሰሪያው ዞረ፤ አልጠበቀም።

አማችየው ያኔ ነው ሁሉም የገባው። መንገጭገጩ ከመጀመሩ በፊት ቱቦውን የፈታው እሱ ነው፣ በላዩ የተጠራቀመውን ዘይት አጥቦ ሊያሳምርላቸው። መልሶ ሲያስር ሚስቱ የኳስ ጨዋታው ተጀመረ ብላ ከሳሎን ጠራችው፤ ማሰሪያውን በጣቱ ጠምዝዞ ሮጠ። ከዚያ ወዲህ በመኪናዋ ላይ ያልነካው ነገር ያ ብቻ ነው።

መካኒኩ ለአማቱ አስረዳቸው። አየሩ ሲገባ ይለካል፤ ሞተሩም በልኩ ነዳጅ ይረጫል። ቱርቦው ሲገፋ ግን አየሩ በዚያ ክፍተት ያመልጣል። ነዳጁ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ እሳቱ ይቆራረጣል። በዚያ ላይ ነዳጅ ሲጨመርበት መኪናዋ ብትታፈን አይገርምም።

«እና ሞተሩ የተነገረውን አምኖ ነዋ፣ ምስኪን። በእሱ አትፍረድ፤ የሰማውን ሁሉ አምኖ የሚስቅም ሰው አለ … በተለይ ምሳ ላይ። ባለሙያውን ግን አየህልኝ? ብዙ ነፋስ አላቸው፤ መንገድ ላይ ባያመልጥ የት ያደርሳቸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የላላባቸው። ማን ሙሉ ነው?»

መካኒኩ ካቻቢቴ ሊያነሣ ዘወር ሲል አማችየው ቀድሞት አነሣው። ባትሪውን ለመካኒኩ አስይዞ ጎንበስ አለና ቱቦውን በደንብ አስገብቶ ማሰሪያውን ጠመዘዘ። ደግሞ ጠመዘዘ። ላብ በአፍንጫው ጫፍ ወረደ። ሳይታዘዝ የነዳጁንም ብሎን ወደ ነበረበት መለሰ።

አማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት።

«ተመልከት ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ እጅ አለው። ባለሙያው እንደዚህ ያለ ሰው አጠገባቸው ቢኖር ኖሮ … ግን እሳቸው ማንን ያማክራሉ?»

ካንዴላዎቹ ተጸድተው ሲገጠሙ መካኒኩ ዳገት ላይ መሞከር አለባት አለ። አማቱ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ወደ ማንም ሳያዩ መዳፋቸውን ዘረጉ። አማችየው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። ጣቶቻቸው ቀስ ብለው ተከደኑበት።

መካኒኩ ከፊት ተቀመጠ። አማችየው ከኋላ፣ በመጋረጃ ዘንጎቹ መካከል ጉልበቱን አጥፎ ገባ። አማቱ ሁለተኛ ማርሽ ይዘው ዳገቱን ጀመሩ። ቱርቦው ሲነሣ አማችየው ትንፋሹን ያዘ። ቱፍ ቱፍ የለ፣ መንገጭገጭ የለ። በኋላ መስታወት ቢያይ ጭስም የለ። መኪናዋ እንደተሳለ መቀስ ዳገቱን ቀድዳ ወጣች። እግራቸው ፍሪሲዮኑን መቼ እንደሚረግጥና መቼ እንደሚለቅ እንኳ አይታወቅም። አማችየው ሳያስበው ፈገግ አለ። መንዳታቸው እውነትም ያምራል፤ እሱ በዚህች መኪና እንዲህ ነድቶ አያውቅም።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ጥግ ይዘው አቆሙ። ሞተሩ ሳያጓራ፣ እኩል እየመታ ቆየ። አማችየው ዘንጎቹን ገፋ አድርጎ ወደ ፊት ተጠጋና አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን ዘንጎቹን መልሶ እያስተካከለ ወደ ኋላ ተመለሰ።

አማቱ በመስታወቱ አይተውታል። ቸኩለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም፤ ጠበቁት። ከዚያ እጃቸውን መካኒኩ ክንድ ላይ አሳረፉ፤ ድምፃቸውም እንደ ማር ለሰለሰ።

«አንተን እጅህን ይባርክልኝ፣ ወንድሜ። ለእኛም ባለሙያ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ … ሽበትም ይብቀልባቸው፣ ሰው ሁሉ ያክብራቸው፤ ረጅም፣ በጣም ረጅም ዕድሜ። ይቅርታ ለማለት ቀን እንዳያጥራቸው።»