በመሳቢያው ውስጥ ያሉ ሰዎች

ኮምፒውተር ጠጋኙ ሽማግሌ፣ የሰፈሩ ሰው «ሐኪሙ» የሚላቸው፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መቀመጫ አጥተው ነበር። ብሎን መፍቻ ያነሣሉ፣ መልሰው ያስቀምጣሉ፤ በሩን ያያሉ፣ ሰዓቱን ያያሉ። በዘጠኝ ሰዓት የቀጠሩት ሰው አለ።

በሩ ተከፈተ። የገባችው ግን የእህታቸው ልጅ ናት፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ፣ በዚያ ስታልፍ ዝናብ ያባረራት።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ምነው ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ባል ተንቆራጠጡ?»

«ምላስሽ አይደክመው! ተቀመጪ።»

ስትቀመጥ የተከፈተውን መሳቢያ አየች። ከመቶ በላይ ፍላሽ ተደርድሯል፤ በያንዳንዱ ላይ የሰው ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። አንዱ ብቻ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ያሥራ ሁለት ዓመት ልፋቴ ነዋ! የማንም ኮምፒውተር እጄ ሲገባ መጀመሪያ ያለበትን ሁሉ እገለብጣለሁ። ሥራው ካለቀም በኋላ አልጥለውም፣ ለክፉ ቀን አስቀምጥለታለሁ። የልጄ ፎቶ ጠፋ ብሎ የመጣውን ሁሉ እንባውን የጠረግሁት በዚህ መሳቢያ ነው።»

«ባለቤቶቹ ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ ላስጨንቃቸው?»

«ይሄ የወጣውስ የማን ነው?»

«የልብስ ሰፊዋ። የቀድሞ ባሏ የልጄን ፎቶ ስጡኝ ብሎ ለመነኝ፤ አሁን ይመጣል። አባት አይደል? አንጀቴ አልችል አለ።»

«ፎቶ ብቻ ነው ያለበት?»

«የአዲሱ ቤቷ የኪራይ ውልም አለበት። ቤት የቀየረችው ለማንም ሳትናገር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ ሐኪሙ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያንቆራጥጣቸው የዋለው ይኸው ነው፤ እልህ ግን ያዛቸው።

«እኔ ክፉ አላሰብኩም!»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ከዚህ ሰው ሸሽታ ከሆነስ? ሰው ማሽኑን የሚያመጣልን እንድንጠግንለት ነው፤ ኑሮውን ያዙልኝ ያለን የለም።»

«የቢሮ ወሬ! እናንተ ለሁሉም ነገር ፊርማ ትላላችሁ። እኛ የምንኖረው ተማምነን ነው።»

«ካቻምና ስልክዎ ሲሰበር ለማን ሰጡት?»

«ላንቺ ነዋ።»

«እኔም እንደ እርስዎ ገልብጬ አስቀምጬው ቢሆንስ?»

የሐኪሙ እጅ ሳያስቡት ደረት ኪሳቸው ላይ ዐረፈ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ቤቱ ጭር ሲልባቸው፣ «ቁልፉን የት አኑረሽው ነው?» እያሉ ሟቿን እያናገሩ የቀዱት ድምፅ እዚያ ስልክ ውስጥ አለ። ሰው ቢሰማው አብደዋል ይላል።

«ሰማሽው እንዴ?» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«ምን እንዳለበት እንኳ አላውቅም። መስታወቱን ቀይሬ መለስኩልዎ። አሁን ግን ፊትዎ እንዴት እንደሆነ አየሁት። መሳቢያው ውስጥ ያሉትም ሁሉ ፊት አላቸው።»

ሐኪሙ ፍላሹን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«አገኙት አባባ?» አለ ሰውየው።

«የሷን ዕቃ ከሷ ጠይቅ፤ እኔ የምሰጥህ የለኝም።»

«ትናንት እሺ ብለውኝ አልነበር?»

«ትናንት ተሳስቼ ነበር።»

በሩን አጋጭቶት ሄደ። ሐኪሙ ላባቸውን ጠርገው «በቃ፣ ተገላገልን» አሉ።

«ገና ነው። ለሷም ይንገሯት።»

«ሳላስፈቅድሽ ገለበጥኩ ልበላት? ደንበኛ አይቀርልኝም እኮ!»

«እንደሚፈልጋት ካላወቀች በምን ትጠነቀቃለች?»

ልብስ ሰፊዋ በማግሥቱ ጠዋት ተጠርታ መጣች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ ቆመው አንድም ሳይደብቁ ነገሯት።

«ማን ፈቀደልዎ?» አለች፣ ዓይኗ ቀልቶ።

«ማንም።»

«እና ሰጡት?»

«ባዶ እጁን ሄደ።»

ያን ጊዜ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ፍላሹን ተቀብላ ሄደች።

ሐኪሙ የተቀረውን ፍላሽ አንድ በአንድ እየደወሉ ለባለቤቱ መለሱ። ሰድቦ የዘጋባቸው አለ፣ የሳቀም አለ። ልጆቼ፣ የሰው እምነት በደግነት ብቻ አይጠበቅም፤ መጠየቅን፣ መመለስን፣ ሲሳሳቱም መናገርን ይፈልጋል። ሐኪሙ ዛሬ ሳያስፈቅዱ አይገለብጡም፤ የገለበጡትንም ዕቃው ሲወጣ ባለቤቱ እያየ ያጠፉታል። ገመናዬ ይታያል ብሎ የተበላሸ ማሽን አልጋ ሥር ደብቆ የኖረው ሰው ሁሉ አሁን ይዞ ይመጣል። መሳቢያው የብሎን ማስቀመጫ ሆኗል።

ከወር በኋላ ልብስ ሰፊዋ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ተመልሳ መጣች።

«የይለፍ ቃሉን ልንገርዎ?»

«ራስሽ ጻፊው ልጄ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።