ከፊት ሲታይ ትክክል ነው

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ላፕቶፕ ከፍተው የእንሰት መፋቂያ ማሽን ንድፍ ያያሉ።

«ይሄን ቢላ ከሲሊንደሩ ጋር አላሰርሽውም እኮ» አላት።

«ቦታው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ይኸው።»

«በዓይንሽ ገምተሽ ነዋ። ለግምትማ ሶፍትዌሩ ምን ያደርግልሻል? ከፊት ሲታይ ትክክል ነው። እስቲ ወደ ጎን አዙሪው።»

ንድፉን ወደ ጎን አዞረችው።

«ወደ ውጭ ወጥቷል።»

«ሲሊንደሩ ሲዞር ክዳኑን ይመታል። ቢላው ተሰብሮ ይፈናጠራል። ብየዳ ቤቱ በዚህ ልክ ነው የሠራው?»

«በዚሁ ነው። ትናንት እምድብር ቤታችን ገብቷል።»

«ማን ነው የሚሞክረው?»

«እናቴ። ዛሬ።»

«ታዲያ ደውዪላታ፣ እኔን ምን ታዪኛለሽ?»

«አታነሳም።»

«ድገሚ።»

«ሄሎ፣ እማዬ? ማሽኑን አስነሳሽው እንዴ? … እሺ። እሺ እማዬ። እኔ እስክመጣ እንዳትነኪው።»

«ምን አለች?»

«ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። እየተራገመች ነው።»

እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ስለ መብራቱ መጥፋት አምላኬን አመሰገንኩ።